የማይነር ሊግ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት አሰልጣኙን ለምን ማባረር አይችልም?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ በሰመር እረፍቱ በአንድ የማይነር ሊግ ቤዝቦል ቡድን ስታዲየም ውስጥ ሆትዶግና ለስላሳ ይሸጣል። ቡድኑ ሽንፈት በሽንፈት ሲሆን ጊዜ ‹ባለቤቱ ምን ይጠብቃል? አሰልጣኙን ለምን አያባርረውም?› አልኩት። ‹አባዬ፣ ባለቤቱ እኮ ማባረር አይችልም› አለኝ። ባለቤት ሆኖ እንዴት አይችልም? ታዲያ አለቃው ማነው? ደግሞም ቡድኑ አንድ ቀን ከተማውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል ሲባል እሰማለሁ። ይሄንንስ የሚወስነው ማነው?»

ምላሽ፦ ልጅዎ ልክ ነው። በማይነር ሊግ፣ ማለትም ተጫዋቾች ለትልቁ ሜጀር ሊግ በሚዘጋጁበት ዝቅ ያለ ሊግ ውስጥ፣ ባለቤቱ አሰልጣኙን ማባረር አይችልም። አልቀጠረውም፣ ደመወዙንም አይከፍለውም። ሜዳ ላይ ከሚያዩአቸው ተጫዋቾች አንዱን እንኳ ባለቤቱ አልመረጠውም። ጥያቄዎ ግን ከዚህ አጭር መልስ በላይ ይገባዋል። ቡድኑ ይሄዳል ወይስ ይቆያል ለሚለው ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱን የምናገኘው የመጀመሪያውን በደንብ ስንረዳ ነው።

እግር ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ነገሩ ግር ይላል። በእግር ኳስ ባለቤቱ ይቀጥራል፣ ባለቤቱ ያባርራል። ቡድኑ አራት አምስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ አሰልጣኙ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ማይነር ሊግ ላይ ይሄ አይሠራም። አንድ ቡድን ለሁለት ተከፍሎ ነው የተያዘው። ጨዋታው የአንዱ ነው፣ ዝግጅቱ የሌላው። የሰርግ አዳራሽ ያለውን ሰው ያስቡ። ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ምግቡ፣ መኪና ማቆሚያው የሱ ነው። ሙሽሮቹ ግን የሱ ልጆች አይደሉም። ማን ማንን ያግባ የሚለው ጉዳይ አይመለከተውም። የማይነር ሊግ ባለቤትም እንደዚያ ነው።

ከእናንተ ሰፈር በማይርቅ ምሳሌ ላስረዳ። ሜጀር ሊግ ውስጥ 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ ከስሩ 4 የማይነር ሊግ ቡድን ይይዛል። በድምሩ 120 ይሆናሉ። ከ30ዎቹ አንዱን፣ የዋሽንግተን ናሽናልስን እንውሰድ። አንድ ጀማሪ ተጫዋች ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው በፍሬድሪክስበርግ ቡድን ይጀምራል። ከበረታ ወደ ዊልሚንግተን፣ ዴላዌር ያድጋል። ቀጥሎ ሃሪስበርግ፣ ፔንሲልቬንያ። ቀጥሎ ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ። ከሮቸስተር በኋላ ያለው ዋሽንግተን ራሱ ነው። ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ ይባላሉ።

እነዚህ ከተሞች ያሉት ቡድኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባለቤት አላቸው። ተጫዋቹ፣ አሰልጣኙ፣ ረዳቶቹ፣ ወጌሻው ግን የዋሽንግተን ተቀጣሪዎች ናቸው። የሚቀጥራቸውም፣ የሚያሰናብታቸውም፣ ደመወዝ የሚከፍላቸውም ዋሽንግተን ነው። የከተማው ባለቤት ዛሬ ማን ይሰለፍ ተብሎ አይጠየቅም። ቢናገርም የሚሰማው የለም።

ታዲያ አሰልጣኙ ለምን ሥራ ነው የተላከው? አሜሪካኖቹ ማናጀር የሚሉት ይህ ሰው በዋናነት የተቀጠረው ለማሸነፍ አይደለም። ተጫዋች አሳድጎ ወደ ላይ እንዲልክ ነው። ከጨዋታ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ወደ ዋሽንግተን ሪፖርት ይሄዳል። የ19 ዓመቱ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪው) አዲስ የተማረውን አወራወር ሞከረው ወይ? ሾርት ስቶፑ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከለው ተጫዋች) በግራው በኩል የሚመጣበትን ኳስ አሁንም ይፈራል ወይ? አለቆቹ የሚጠይቁት እንደዚህ ያለውን ነው። ውጤቱን እነሱም ያያሉ፣ ሽንፈት የሚወድ የለም። አሰልጣኙን የሚመዝኑት ግን በዚያ አይደለም።

ይህን ካወቁ በኋላ ጨዋታ ሲያዩ ብዙ ነገር ይገለጥልዎታል። ፒቸሩ በጥሩ ሁኔታ እየወረወረ እያለ ድንገት ሲወጣ ሕዝቡ ይጮኻል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከላይ የኳስ ቁጥር ገደብ ተሰጥቷል፣ ገደቡም ሞልቷል። ጨዋታው ቢበላሽም ይወጣል። የልጁ ክንድ ከአንድ የማክሰኞ ምሽት ድል በላይ ዋጋ አለው። ሲመታ የማይሳካለት ልጅ ለሳምንታት በየቀኑ ሲሰለፍም ያያሉ። ዋሽንግተን ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ያስፈረመው ልጅ ሊሆን ይችላል፣ የሚማረውም በመጫወት ነው። ወይ ደግሞ ጉዳት ላይ የነበረ የዋሽንግተን ኮከብ ለማገገም ይመጣል። ምን ያህል እንደሚጫወት የሚነገረው ከላይ ነው። አሰልጣኙ ቦታ ያመቻችለታል፣ የራሱ ተጫዋች ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አሰልጣኙ ሥራውን በደንብ በሠራ ቁጥር ምርጥ ተጫዋቹን ይነጠቃል። የናሽናልስ ተጫዋች የነበረውን ሁዋን ሶቶን ያስታውሳሉ? በ2018 የውድድር ዘመኑን የጀመረው ሃገርስታውን፣ ሜሪላንድ ነው። እዚያ 16 ጨዋታ ተጫወተ። ከዚያ ዉድብሪጅ ወደነበረው የፖቶማክ ቡድን መጣ። ዉድብሪጅ ማለት ስንት ሐበሻ የሚኖርባት የራሳችሁ ዉድብሪጅ ናት። እዚያ የቆየው ለ15 ጨዋታ ብቻ ነው። ሃሪስበርግ 8 ጨዋታ አደረገ። ግንቦት 20 ቀን ዋሽንግተን ሜዳ ላይ ነበር፣ ገና በ19 ዓመቱ። አንድ የትውልዱ ድንቅ ተጫዋች በአንድ ጸደይ ሦስት አሰልጣኞች እጅ ላይ አለፈ። ሦስቱም እሱን ይዘው ዋንጫ ማንሳት ይችሉ ነበር። ሦስቱም ቢሯቸው ጠርተው «ወደ ላይ ሂድ» አሉት። ሥራቸው ይሄ ነው። በእኔ እምነት በአሜሪካ ስፖርት ውስጥ ምስጋናው ከልፋቱ የሚያንስበት ሥራ ቢኖር የማይነር ሊግ አሰልጣኝነት ነው።

አሰልጣኞቹም ራሳቸው መሰላል ላይ ናቸው። ማት ለክሮይ የሚባለው የናሽናልስ አሰልጣኝ በ2009 እና በ2010 ሃገርስታውን ላይ ሠራ። በ2011 ፖቶማክን ያዘ። በ2012 ሃሪስበርግ ገባ። በኋላ ዋሽንግተን ላይ በረዳትነት ሠርቶ ተመለሰ፣ በ2021 ደግሞ ሮቸስተርን ያዘ። ልብ ይበሉ፣ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወር አሠሪው አልተለወጠም። የአንዱም ከተማ ባለቤት አልቀጠረውም። መሰላሉን ሳይጨርሱ የሚቀሩም አሉ። ስታን ዋሲያክ የተባለው ሰው ከ1950 እስከ 1986 ለ37 ዓመት ያለማቋረጥ ማይነር ሊግ ውስጥ አሰልጣኝ ነበር። 2,530 ጨዋታ አሸንፏል። ሜጀር ሊግ ላይ ግን አንድም ቀን አሰልጣኝ ሆኖ አልቆመም። ይህን ያህል ዕድሜውን የሰጠውን ሰው ስም ብዙ የቤዝቦል አፍቃሪ አያውቀውም። ሊታወቅ የሚገባው ሰው ነው።

በር እየተከፈተም ነው። በ2022 ሬቸል ባልኮቬክ የኒውዮርክ ያንኪስ ሥር ያለውን የታምፓ ቡድን ይዛ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሙሉ ጊዜ አሰልጣኝ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። እሷንም የቀጠራት ያንኪስ ነው።

ሁለት ልዩ ሁኔታ አለ። አንደኛው፣ ትልቁ ቡድን ራሱ ትንሹን ቡድን ሲገዛ ነው። ሲራኪውስ፣ ኒው ዮርክ ያለው ቡድን ዛሬ የኒውዮርክ ሜትስ ንብረት ነው። እዚያ ባለቤቱና የአሰልጣኙ አለቃ አንድ ናቸው። ሁለተኛው፣ ከሜጀር ሊግ ጋር ያልተሳሰሩ ኢንዲፔንደንት የሚባሉ ሊጎች አሉ። እዚያ ባለቤቱ አሰልጣኙንም ተጫዋቹንም ራሱ ይቀጥራል። እርስዎ ያሰቡት ዓይነት ባለቤት፣ ተናዶ የሚያባርረው፣ የሚገኘው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ባለቤቱ እንምጣ። ተጫዋች ካልገዛ፣ አሰልጣኝ ካልቀጠረ፣ ምን ይሠራል? ምሽቱን ይሸጣል። ቲኬት፣ ሆትዶግ፣ ቢራ፣ ኮፍያ፣ ቲሸርት፣ የሜዳው አጥር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ ዓርብ ማታ ርችት። የሚሸጠውን ጨዋታ ጥራት መቆጣጠር አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ባለቤት ሰው ቡድኑ ተሸንፎም ደስ ብሎት እንዲሄድ ያደርጋል። ሲንግል ኤ ላይ በዓመት 132 ጨዋታ አለ። ግማሹ፣ ማለትም 66ቱ፣ በሜዳው ነው። የዓመቱ ገቢ በአብዛኛው የሚገኘው ከነዚያ 66 ምሽቶች ነው። ቅዳሜ ማታ ዝናብ ከጣለ ያ ገንዘብ ሄደ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለባለቤቱ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ጄኔራል ማናጀር ይባላል። ሜጀር ሊግ ላይ ጄኔራል ማናጀር ተጫዋች የሚሸጥና የሚገዛ ትልቅ ሰው ነው። ማይነር ሊግ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ቲኬት ያሻሽጣል፣ ስፖንሰር ያፈላልጋል፣ የሰመር ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ሽንት ቤቱ መጽዳቱን ያያል። ዝናብ ሲመጣ ከቢሮ ሠራተኞቹ ጋር ወጥቶ ሜዳው ላይ ትልቁን ሸራ ይጎትታል። የልጅዎ አለቃ ያለው በዚህ ወገን ነው። ልጅዎ በዚህ ሙያ ፍላጎት ካለው ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያለው። ብዙ ጄኔራል ማናጀሮች የጀመሩት እንደሱ ምግብ በመሸጥና ቲኬት በመቁረጥ ነው። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው፣ ሰዓቱ ረጅም ነው። ግን በአንድ ሰመር ውስጥ የንግዱን ሁሉንም ጓዳ ያያል።

የተጫዋቾቹ ደመወዝ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። «ባለቤቱ ስስታም ነው፣ ልጆቹን አስርቦ ያጫውታል» ሲባል እሰማለሁ። ችግሩ እውነት ነበር፣ ተጠያቂው ግን የከተማው ባለቤት አልነበረም። የሚከፍሉት የሜጀር ሊግ ቡድኖች ናቸው። እስከ 2022 ድረስ የሲንግል ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ 11,000 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ተጫዋቾቹ ወደ ሜጀር ሊግ ተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር ገቡ። በ2023 በተፈረመው የመጀመሪያ የሥራ ስምምነት ወደ 26,200 ዶላር አደገ። ትሪፕል ኤ 35,800 ሆነ። ዛሬም የተትረፈረፈ አይደለም። ግን ስድስት ሆነው አንድ አፓርትመንት ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው የሚያድሩበት ዘመን ማለፍ ነበረበት።

ቆይ፣ ታዲያ ሰው ለምን እንዲህ ያለ ቡድን ይገዛል? አንዳንዱ ከፍቅር የተነሳ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ዋጋው ስለሚጨምር ነው። ማይልስ ዎልፍ የተባለ ሰው በደርሃም፣ ኖርዝ ካሮላይና ሞቶ የነበረውን የቡድን ስም ከ3 ሺህ ዶላር ባነሰ ገንዘብ ወስዶ በ1980 ሥራ አስጀመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ ገደማ የሸጠው በሚሊዮን ዶላር ነው። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቡድኖች በአሥር ሚሊዮኖች ይሸጣሉ።

ይህ የዋጋ ንረት ግን ባለቤቶቹን ኃይለኛ አላደረጋቸውም። እንዲያውም ባለፉት ዓመታት ደክመዋል። ቀድሞ በባለቤቶቹና በሜጀር ሊግ መካከል የጋራ ስምምነት ነበር። ያ ስምምነት በ2020 መስከረም መጨረሻ ላይ አበቃ። በዚያ ዓመት በኮሮና ምክንያት አንድም ጨዋታ አልተደረገም፣ ባለቤቶቹ ያለ ገቢ ነበሩ። ሜጀር ሊግ አጋጣሚውን ተጠቅሞ አሠራሩን በሙሉ በእጁ አደረገ። 160 የነበሩትን ቡድኖች ወደ 120 አወረዳቸው። የቀሩት የ10 ዓመት ፈቃድ ተሰጣቸው። ፈቃድ ነው፣ ልብ ይበሉ። የቡድኑ ባለቤት ከሜጀር ሊግ በተሰጠው ፈቃድ ነው የሚሠራው። መብራቱ፣ የመልበሻ ክፍሉ፣ የመለማመጃው ቦታ ምን መምሰል እንዳለበት ዝርዝር መስፈርት ተሰጠው። ያንን ለማሟላት ደግሞ ወጪው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ስታዲየሙ የሷ በሆነችው ከተማ ላይ ነው።

ሶቶ የጀመረበት ሃገርስታውን ከተቆረጡት አንዱ ነው። ያ ቡድን ጠፋ፣ አሮጌው ስታዲየምም ፈረሰ። ከተማው በ2024 ሌላ ቡድን አግኝቷል፣ ግን በኢንዲፔንደንት ሊግ ውስጥ ነው። ከተቆረጡት መካከል አራት ቡድኖች በ2021 መጨረሻ ሜጀር ሊግን ከሰሱ። ፊታቸው የቆመው የ1922 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ቤዝቦልን ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ነፃ ያደረገው እሱ ነው። ክሱ በ2023 በስምምነት ተዘጋ፣ ያ አሮጌ ውሳኔ ግን እስካሁን አልተነካም። ይህ ውሳኔ መቶ ዓመት ሙሉ መቆሙ ትክክል አይመስለኝም። አንድ ሌላ ንግድ አርባ ከተሞችን በአንድ ጊዜ ከገበያ ቢያስወጣ ፍርድ ቤቱ በቀላሉ የሚያልፈው አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የድሮ ባለቤቶች ሸጠው ወጥተዋል። ዋናው ገዢ ዳይመንድ ቤዝቦል ሆልዲንግስ ይባላል። በ2021 ተቋቋመ፣ በ2022 ሲልቨር ሌክ የተባለው ትልቅ የኢንቨስትመንት ድርጅት ገዛው። ዛሬ ከ40 በላይ ቡድን አለው። አንድ ባለቤት፣ ከ40 በላይ ከተማ። የአካባቢው ጄኔራል ማናጀር ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ ይቀራል፣ ስሙም ልብሱም አይለወጥም። ተመልካቹ ልዩነቱ ላይታየው ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው የስታዲየም ውል ሲታደስ ነው፤ ከከተማው ፊት የሚቀመጠው የከተማው ሰው አይደለም።

ይህ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ይወስደናል። ቡድኑ ይሄዳል ወይ? አሰልጣኙና ተጫዋቹ የዋሽንግተን ናቸው ብያለሁ። የቡድኑ ቦታ ግን በዋናነት በባለቤቱና በስታዲየሙ ባለቤት ድርድር ይወሰናል። ሜጀር ሊግ ደግሞ ማጽደቅ አለበት። የራሳችሁ አካባቢ ምሳሌ ነው። ሶቶ የተጫወተበት የዉድብሪጅ ቡድን ካውንቲው ባሠራው አሮጌ ስታዲየም ውስጥ ነበር። በ2017 ካውንቲው ቦንድ ሸጦ አዲስ እንዲሠራ ተጠየቀ። ክርክር ተነሳ፣ ባለቤቱ በቂ ድምፅ እንደማያገኝ ሲያይ ጥያቄውን አነሳ። ከ2019 በኋላ ቡድኑ ወደ ፍሬድሪክስበርግ ሄደ። እዚያ ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ስታዲየም ሠራ፣ ከተማዋ ደግሞ ለ30 ዓመት በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ልትከፍል ውል ገባች። ዉድብሪጅ ተሳስታለች አልልም። የሕዝብ ገንዘብ ለግል ቡድን ስታዲየም ማዋል በጥርጣሬ መታየት አለበት። ውጤቱ ግን ይሄው ነው፣ ቡድኑ ሄደ።

ሃሪስበርግ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። በ1995 አዲስ ገዢዎች ቡድኑን ወደ ማሳቹሴትስ ሊወስዱት ሲሉ ከተማው ራሱ በ6.7 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2007 በ13.25 ሚሊዮን ሸጠው፣ ቡድኑ ግን ዛሬም እዚያው በወንዙ መሃል ባለችው ደሴት ላይ ይጫወታል። ከተማው ባለቤት በነበረበት ጊዜ ቡድኑ ከ1996 እስከ 1999 አራት ዓመት በተከታታይ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ዋንጫውን ግን ከንቲባው አላመጣውም። በዚያን ጊዜ ተጫዋች ይልክ የነበረው የሞንትሪያል ኤክስፖስ ቡድን ነው ያመጣው። ከተማው ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ቡድኑን አስቀረ።

የባለቤትነት ልዩነት በደንብ የሚታየኝ ግን በሁለት ቡድኖች ላይ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1981 ፖታኬት፣ ሮድ አይላንድ ላይ ፖታኬትና ሮቸስተር ተገናኙ። ጨዋታው በተለመደው 9 ኢኒንግ (ዙር) አላለቀም። በ20ም አላለቀም። የፖታኬት አሰልጣኝ ጆ ሞርጋን በ22ኛው ኢኒንግ ከዳኛ ጋር ተጋጭቶ ከሜዳ እንዲወጣ ተደረገ። ጨዋታው የቆመው ከ32 ኢኒንግ በኋላ ነው፤ በፋሲካ ማለዳ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ። ስታዲየሙ ውስጥ የቀሩት 19 ተመልካቾች ነበሩ። ሰኔ ላይ ሲቀጥል በ33ኛው ኢኒንግ ፖታኬት 3 ለ 2 አሸነፈ። በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ ነው። የሁለቱ ቡድኖች ባለቤትነት ግን ለየቅል ነው።

የፖታኬት ባለቤት ቤን ሞንዶር የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በ1977 ቡድኑን ከክስረት አንስቶ ገዛው። በመጀመሪያው ዓመት 70 ሺህ ገደማ ሰው መጣ። በ2005 ከ680 ሺህ በላይ ደረሰ። ቲኬት ርካሽ እንዲሆን፣ ሠራተኛ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ እንዲመጣ ይፈልግ ነበር። የሚወደድ ሰው ነበር። በ2010 ሞተ። በ2015 ቡድኑ ለነጋዴዎች ቡድን ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች አዲስ ስታዲየም ፈለጉ፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሲያመነታ ዓመታት አለፉ። በ2018 ወደ ዉስተር፣ ማሳቹሴትስ እንደሚሄዱ አስታወቁ። ዉስተር ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ስታዲየም ሠራች፣ ቡድኑ በ2021 ገባበት። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2023 መጨረሻ፣ ለዳይመንድ ሊሸጡት ተስማሙ። ፖታኬት ላይ የቀረው ባዶ ሜዳ ነበር።

የሮቸስተር ታሪክ ሌላ ነው። በ1957 ባለቤቱ የነበረው የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ቡድኑን ሊተወው ሲል ሞሪ ሲልቨር የተባለ ነጋዴ የከተማውን ሰው አስተባበረ። አክሲዮን በ10 ዶላር ተሸጠ። ከ8 ሺህ በላይ ሰው ገዛ። የ10 ዶላሩን አክሲዮን የገዛው አስተማሪና የፋብሪካ ሠራተኛም ጭምር ነው። በኋላ የሞሪ ልጅ ናኦሚ ሲልቨር አመራሩን ተረከበች። ከዚያ ወዲህ ተጫዋች የሚልኩት ትልልቅ ቡድኖች ተቀያይረዋል፤ ካርዲናልስ ሄደ፣ ባልቲሞር መጣ፣ ሚኒሶታ ተተካ፣ በ2021 ደግሞ ዋሽንግተን ገባ። ቡድኑ ግን ከሮቸስተር አልወጣም። አሰልጣኝ ማባረር እነሱም አይችሉም። ቡድኑን ከከተማው የማስወጣት ሥልጣን ግን ከራሳቸው እጅ አልወጣም።

የሕዝብ ባለቤትነት ለሁሉ መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ሲራኪውስም የባለአክሲዮኖች ቡድን ነበር፣ እስከ 2018 ድረስም የዋሽንግተን ተጫዋቾች እዚያ ነበሩ። ገንዘብ ሲያጥር ባለአክሲዮኖቹ ራሳቸው ለሜትስ መሸጡን መረጡ። ዋሽንግተንም ለሁለት ዓመት ትሪፕል ኤ ቡድኑን ፍሬስኖ፣ ካሊፎርኒያ ድረስ ለማድረግ ተገደደ። አንድ ተጫዋች ተጎድቶ ምትክ ሲፈለግ አገር አቋርጦ መብረር ነበረበት።

ስለዚህ የእናንተ ቡድን ይቆያል ወይ ለማለት የውጤት ሰንጠረዡን አይመልከቱ። ሦስት ነገር ይጠይቁ። ስታዲየሙ የማነው፣ የባለቤቱ ነው ወይስ የከተማው? ውሉ የሚያበቃው በየትኛው ዓመት ነው፣ ቀድሞ ለወጣስ ቅጣቱ ስንት ነው? ባለቤቱ እዚሁ የሚኖር ሰው ነው ወይስ ሌላ ቦታ ያለ ኩባንያ? ከተማው ወይም ካውንቲው የፈረመው ውል የሕዝብ ሰነድ ነው። ከከተማው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል፣ ጉዳዩ ምክር ቤት ሲቀርብም ማንኛውም ነዋሪ ገብቶ ይናገራል። የኛ ማኅበረሰብ ግብር ይከፍላል፣ ልጆቹም እዚያ ይሠራሉ፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ግን ብዙም አንታይም። በ2021 የተሰጠው የ10 ዓመት ፈቃድ የሚያበቃው በ2030 ነው። የስታዲየም ድርድር ደግሞ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ ስለዚህ ጥያቄውን ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው።